የጭስና የአቧራ መንገድ ከሰማይ ሲታይ

በሰሜን ሸዋ ከሙከ ጡሪ ተነሥቶ ወደ ዓለም ከተማ የሚጓዝ መንገደኛ ለሚ ሲደርስ ደጋው በድንገት ያልቅበታል። ከፊቱ የጀማ ወንዝ ሸለቆ ከአንድ ሺሕ ሜትር በላይ ዝቅ ብሎ ተዘርግቶ ይታየዋል፤ ከማዶውም የመርሐ ቤቴ አምባዎች ተደርድረው ይቆማሉ። በጥቅምትና በኅዳር ሰማዩ ጠርቶ ሳለ ከአፋፉ ላይ ቆሞ የሚመለከት ሰው በማዶው ገደል ላይ ያለውን የድንጋይ ንብብር ሳይቀር ሊለይ ይችላል። በየካቲትና በመጋቢት ግን ነገሩ ይለወጣል። ማዶው ይደበዝዛል፤ ከሸለቆው ውስጥ አምባው ብቻ እንደ ደሴት ብቅ ብሎ ይቀራል፤ ፀሐይም ወደ መጥለቂያዋ ስትቃረብ እንደ ጋለ ብረት ምጣድ ቀልታ፣ ዓይን ሳትወጋ ትገባለች።

ብዙ ሰው ይህን ሁሉ በአንድ ስም ጭጋግ ይለዋል። እውነተኛው ጭጋግ ግን ውሃ ነው፤ የክረምትና የማለዳ እንግዳ በመሆኑ ፀሐይ ሲበረታ ይበተናል። የበጋው ግርዶሽ ደረቅ ነው፤ ቀኑ በገፋና ነፋሱ በተነሣ ቁጥር የሚብስበት ጊዜ አለ። በገመድ ላይ የተሰጣው ነጠላ ንጣቱን አጥቶ ይወርዳል፤ ሌሊትም ሕፃኑ ሲስል እናቱ ተነሥታ ትቀመጣለች። በዚያን ጊዜ የሚነሣው ጥያቄ የሊቃውንት ብቻ አይደለም፤ የቤት እመቤት ጥያቄ ነው፤ ይኸውም ይህ ነገር ከወዴት መጣ የሚል ነው።

መልሱ እንደ መላሹ ይለያያል። ደገኛው ቍልቍል ተመልክቶ ቆለኛው ቁጥቋጦ መንጥሮ እያቃጠለ ነው ይላል። ቆለኛው ደግሞ ሽቅብ ተመልክቶ ደገኛው አፈሩን እያጤሰ ነው ይላል። ሦስተኛው ሁለቱንም ነፃ አውጥቶ ከበረሃ የመጣ አቧራ ነው ብሎ ይፈርዳል። ሦስቱም እውነት የሚናገሩበት ቀን አለ። ነገር ግን በዕለቱ እውነተኛው የትኛው እንደ ሆነ ካልታወቀ ጎረቤት በማያውቀው ጥፋት ይወቀሳል፤ መድኃኒቱም ከበሽታው ጋር ሳይገናኝ ይቀራል። የሰው እሳት ከሆነ በምክርና በሕግ ሊከለከል ይቻላል፤ የበረሃ አቧራ ከሆነ ግን በር ዘግቶ እስኪያልፍ ከመጠበቅ በቀር የሚደረግ የለም።

ደገኛው አፈሩን ያጤሳል ማለት ምን እንደ ሆነ ለማያውቅ አንባቢ ጥቂት ልንገልጽለት ይገባል። በሰሜን ሸዋ ደጋ ለረጅም ዘመን የኖረ የገብስ ገበሬ ልማድ አለ። ለብዙ ዓመት ጦሙን ያደረ መሬት ይታረስና ጓሉ ከሥራሥሩ ጋር በየቦታው ይከመራል፤ በክምሩ መካከል ደረቅ ኩበት ተደርጎ እሳት ይለኰስበታል። እሳቱም ነበልባል ሳያወጣ ውስጥ ለውስጥ እየጤሰ ለቀናት አፈሩን ያቃጥለዋል። በኋላ ክምሩ ተበትኖ ገብስ ይዘራበታል። የፊተኛው ዓመት አዝመራ ያማረ ይሆናል፤ ነገር ግን መሬቱ ፈጥኖ ይደክምና እንደ ገና ለዓመታት መተው ይኖርበታል። ገበሬው ይህን የሚያደርገው ካለማወቅ የተነሣ አይደለም፤ ማዳበሪያ ባልነበረበት ዘመን ከደከመ መሬት እህል ያወጣበት ብልሃት ነው።

እንግዲህ ከላይ ሆኖ ይህን ሁሉ የሚያይ ዓይን አለ። በምድር ዙሪያ የሚዞሩት ሰው ሠራሽ ጨረቃዎች፣ በተለመደው ስማቸው ሳተላይቶች፣ ለዚህ ነገር የሚያገለግሉት በሁለት ወገን ሊከፈሉ ይችላሉ። አንደኛዎቹ ከምድር ወገብ በላይ 36 ሺሕ ኪሎ ሜትር ያህል ርቀው ከመሬት ጋር እኩል ስለሚዞሩ በአንድ ስፍራ እንደ ተተከሉ ሆነው ይታያሉ። ሜቴዎሳት የሚባሉት የአውሮፓ ሳተላይቶች ከእነዚህ ወገን ናቸው፤ ከ1994 ዓ.ም. ወዲህ የተላከው ሁለተኛው ትውልዳቸው አፍሪካን በየ15 ደቂቃው አንድ ጊዜ፣ ማለት በቀን 96 ጊዜ ሥዕል ያነሣል። ሁለተኛዎቹ ከ700 እስከ 830 ኪሎ ሜትር ባለ ከፍታ ከዋልታ ወደ ዋልታ ይሮጣሉ፤ እነዚህ ቅርብ በመሆናቸው ጥቃቅኑን ነገር አጥርተው ያያሉ፤ ነገር ግን በአንድ አገር ላይ የሚያልፉት በቀን አንድ ወይም ሁለት ጊዜ ብቻ ነው። የፊተኛው በማማ ላይ ቆሞ እንደሚጠብቅ ዘበኛ፣ የኋለኛው ፋኖስ ይዞ እንደሚዞር ጠባቂ ነው።

እሳት የሚገኘው በጭሱ ሳይሆን በሙቀቱ ነው። የጋለ ነገር ሁሉ ለሰው ዓይን የማይታይ የሙቀት ጨረር ይሰጣል፤ ከእሳት የሚወጣው ጨረር ደግሞ ከአካባቢው መሬት ጨረር እጅግ የበለጠ ስለ ሆነ በጨለማ ቤት ውስጥ አንዲት ፍም እንደምትታይ ሁሉ በሰፊ መሬት ውስጥ ትንሽ እሳት ትለያለች። ከ2004 ዓ.ም. ጀምሮ በአሜሪካ ሳተላይቶች ላይ የሚጫነው ቪርስ የተባለው መሣሪያ መሬትን በ375 ሜትር ከፋፍሎ እያየ እሳት ያለበትን ቦታ በቀይ ነጥብ ያመለክታል። ነጥቦቹም ሳተላይቷ ካለፈች በኋላ በሦስት ሰዓት ጊዜ ውስጥ ለማንም ሰው በነፃ ይገለጣሉ። ከኅዳር እስከ ጥር ያለውን ካርታ የተመለከተ ሰው የጋምቤላንና የቤኒሻንጉልን ቆላ፣ ይልቁንም ደቡብ ሱዳንን፣ ኩፍኝ እንደ ወጣበት ገላ በቀይ ነጥብ ተሸፍኖ ያገኘዋል፤ ሣር የሚቃጠልበት ወራት ነውና።

አቧራ ግን አይጋልም፤ ስለዚህ ሌላ ብልሃት ያስፈልገዋል። አቧራ የምድርን ሙቀት በተለያየ መጠን ያግዳል፤ አንዱን የጨረር ዓይነት አብዝቶ ሲያስቀር ሌላውን ያሳልፋል። ልዩነቱ ተሰልቶ ለዓይን በሚታይ ቀለም ሲተረጐም በሜቴዎሳት ሥዕል ላይ አቧራው በደማቅ ሮዝ ቀለም፣ ወፍራምና ከፍተኛ ደመና በጥቁር ቀይ ይወጣል። ሙቀትን እንጂ የፀሐይ ብርሃንን ስለማይፈልግ ይህ ሥዕል ሌሊትም ይሠራል። አንድ የሱዳን ሀቡብ ከካርቱም ተነሥቶ ሲጓዝ በየሩብ ሰዓቱ እየተያየ ሲሄድ፣ ሮዝ ነጠላ በነፋስ ሲጎተት ይመስላል።

ሦስተኛው ዘዴ የተገኘበት ታሪክ ደስ የሚያሰኝ ስለ ሆነ እናወሳዋለን። በ1971 ዓ.ም. ኒምበስ 7 በተባለች ሳተላይት ላይ የተጫነ አንድ መሣሪያ የተሠራው በሰማይ ላይ ያለውን የኦዞን መጠን ለመለካት ነበር፤ የሚያየውም አልትራቫዮሌት የተባለውን ጨረር ነው። ሥራውን ጭስና አቧራ ይረብሹት ነበር። በኋላ ሊቃውንቱ ረብሻውን ራሱን ቢመረምሩት ጭስና አቧራ ይህን ጨረር ስለሚውጡት፣ በነጭ ደመናና በብሩህ አሸዋ ላይ እንኳ ሲሆኑ ተለይተው እንደሚታወቁ ተረዱ። በ2010 ዓ.ም. በጥቅምት የተላከችው የአውሮፓ ሳተላይት ሴንቲኔል 5ፒ ይህንኑ ሥራ በበለጠ ጥራት ትሠራለች፤ ከእሳተ ገሞራ የሚወጣውን የድኝ ጋዝም ትለካለች።

የእነዚህ ዓይኖች ጥቅም በአገራችን በግልጥ የታየው እሑድ ኅዳር 14 ቀን 2018 ዓ.ም. ነው። በዚያን ቀን ከረፋዱ 5 ሰዓት ተኩል ገደማ በአፋር ከኤርታ አሌ ተራሮች በስተ ደቡብ ያለው ሃይሊ ጉቢ ፈነዳ። ይህ ተራራ ባለፉት 12 ሺሕ ዓመታት ውስጥ ፈንድቶ እንደ ነበር የሚያስረዳ መዝገብ አልነበረውም። ስለዚህ የአመዱን ከፍታና የጉዞውን አቅጣጫ ለዓለም ያስታወቁት ሳተላይቶች ናቸው። አመዱ 14 ኪሎ ሜትር ገደማ ወደ ላይ ወጥቶ ቀይ ባሕርን ተሻገረ፤ በየመንና በዑማን ላይ አልፎ በማግስቱ በፓኪስታንና በሰሜን ህንድ ሰማይ ላይ ታየ፤ በህንድም አንዳንድ በረራዎች ተሰረዙ። በአፍዴራ በኩል ያሉ መንደሮች ግን አመዱን የተቀበሉት በሥዕል አይደለም፤ በቤታቸውና በከብቶቻቸው ግጦሽ ላይ ወረደባቸው።

የፈነዳው በአፋር ሆኖ ሳለ ዴልሂ ስትጨነቅ የሸዋ ደጋ ስለ ምን ዳነ የሚል ሰው ይኖራል። ምክንያቱ ነፋስ በየከፍታውና በየወራቱ የተለያየ መንገድ ስላለው ነው። በበጋ በዚያ ከፍታ ላይ ያለው ብርቱ ነፋስ ከምዕራብ ወደ ምሥራቅ ይነፍሳል፤ አመዱም እርሱን ተከትሎ ሄደ። በሰኔ 2003 ዓ.ም. በኤርትራ የሚገኘው ናብሮ በፈነዳ ጊዜ ግን አመዱ በመጀመሪያ ያዘነበለው ወደ ምዕራብና ወደ ሱዳን ነበር። በዚያን ጊዜ አዲስ አበባ የነበሩት የአሜሪካ የውጭ ጉዳይ ሚኒስትር ሂላሪ ክሊንተን የአመዱን ወሬ ሰምተው ጉብኝታቸውን አሳጥረው ሄደዋል። እንደዚህ ያለ ጥንቃቄ ከንቱ አይደለም። በሰኔ 1974 ዓ.ም. በጃቫ ደሴት ላይ ይበር የነበረ የእንግሊዝ አውሮፕላን ጋሉንጉንግ ከተባለው ተራራ አመድ ውስጥ በሌሊት ገብቶ አራቱም ሞተሮቹ ጠፍተውበት ነበር። የእሳተ ገሞራ አመድ እንደ ምድጃ አመድ ልስልስ አይደለም፤ የተፈጨ ድንጋይና ብርጭቆ ነው፤ በሞተሩ ትኩሳት ቀልጦ ይጣበቃል። አብራሪዎቹ በኋላ ሞተሮቹን አስነሥተው በሰላም አረፉ። ዛሬ የዓለም ሰማይ ለዘጠኝ የአመድ ጠባቂ ማዕከላት ተከፋፍሏል፤ ስለ ሃይሊ ጉቢ ማስጠንቀቂያ ያወጣው በፈረንሳይ አገር በቱሉዝ ያለው ማዕከል ነው።

ስለ ደን ቃጠሎም ያለፈውን ማስታወስ ይገባል። በ1992 ዓ.ም. በበጋው መጨረሻ በባሌና በቦረና የተነሣው እሳት ከ100 ሺሕ ሄክታር በላይ አቃጥሏል፤ በዚያን ጊዜ የውጭ አገር ባለሙያዎች ለእርዳታ መጥተው የሳተላይት ሥዕልም ለሥራው አገልግሏል። በ2011 ዓ.ም. ከመጋቢት መጨረሻ እስከ ሚያዝያ የሰሜን ተራሮች ብሔራዊ ፓርክ ሲቃጠል፣ የአካባቢው ሕዝብ ቅጠል ይዞ በገደሉ ላይ እየተንጠለጠለ እሳቱን ተከላከለ፤ ከኬንያ ሄሊኮፕተር፣ ከእስራኤልም የእሳት ሠራተኞች መጡ። ጓሳና አስታ በበዛበት በዚያ ስፍራ አንዱ እሳት ጠፋ ሲባል ሌላው ይነሣ ነበር። ቀይ ነጥብ እሳት የት እንዳለ ይናገራል፤ ውሃ ግን አይሸከምም። ማስታወቂያ ፈጥኖ ቢደርስ እንኳ ወደ ገደሉ የሚወጣ ሰውና መሣሪያ ካልተሰናዳ ነጥቡ የጥፋት መዝገብ ብቻ ሆኖ ይቀራል ብለን እናምናለን።

አቧራ ደግሞ ሁልጊዜ ጥፋት ብቻ ይዞ አይሄድም። በቻድ አገር ቦዴሌ የሚባለው ዝቅተኛ ስፍራ የጥንታዊ ትልቅ ሐይቅ ወለል ነው፤ በዓለም ላይ ከሁሉ የበለጠ አቧራ የሚነሣበትም ይኸው ነው ይባላል። በ2007 ዓ.ም. የታተመ የአሜሪካ ሊቃውንት ጥናት፣ ካሊፕሶ የተባለችው ሳተላይት በሰባት ዓመት ውስጥ በሌዘር ብርሃን የለካችውን መርምሮ፣ ከሰሐራ በየዓመቱ 182 ሚሊዮን ቶን ያህል አቧራ ወደ አትላንቲክ እንደሚወጣ፣ ከዚህም ወደ 28 ሚሊዮን ቶን የሚጠጋው በአማዞን ደን ላይ እንደሚወርድ ገምቷል። በውስጡ ወደ 22 ሺሕ ቶን የሚሆን ፎስፎረስ አለ፤ የአማዞንም ዝናብ ከአፈሩ አጥቦ የሚወስደው ያንኑ ያህል ነው። የአፍሪካ በረሃ ለብራዚል ዛፍ ማዳበሪያ ይልካል ማለት ነው፤ ያለ ዋጋና ያለ ቀረጥ።

ወደ ለሚ እንመለስ። በዚህ ሁሉ ዕውቀት የጀማን ግርዶሽ ባለቤት መለየት ይቻላልን? በከፊል አዎን። ሥዕሉን የሚመረምር ሰው በመጀመሪያ ሮዙ ቀለም ከሱዳን ወይም ከአፋር ተጎትቶ ደርሶ እንደ ሆነ ይመለከታል። ቀጥሎ ቀይ ነጥቦቹን በሸለቆው ውስጥና በዙሪያው ይቆጥራል። ከዚያም የነፋሱን መዝገብ ይዞ ዛሬ በለሚ ላይ ያለው አየር ትናንትና ከትናንት በስቲያ የት እንደ ነበረ ወደ ኋላ ይሰላል፤ ይህም የጠፋች በቅሎን ኮቴ ተከትሎ እንደ መፈለግ ነው። ሦስቱ ማስረጃዎች ከተስማሙ ፍርዱ ይታመናል።

የሚያስቸግረው ግን ሦስቱ የማይስማሙበት ቀን ነው። ነበልባል የሌለው የአፈር ክምር ሙቀቱ በአፈር ስለሚሸፈን ከሳተላይቷ ዓይን በቀላሉ ሊያመልጥ ይችላል። እንግዲህ ቀይ ነጥብ አለመኖሩ ደገኛውን ፈጽሞ ነፃ አያወጣውም። ደመና ካለም የእሳቱ ሙቀት አይታይም። ሌላው ችግር ሳተላይቷ የምትለካው ከላይ እስከ ታች ያለውን አየር በአንድነት መሆኑ ነው። አቧራው በአምስት ኪሎ ሜትር ከፍታ ላይ ያልፍ እንደ ሆነ፣ ወይም ሕፃኑ በሚተነፍስበት በደጃፉ ላይ እንደ ሆነ ሥዕሉ ብቻውን አይነግርም። የአንድ መንደር አቧራም ለእንዲህ ያለው ዓይን እጅግ ያንሳል። በመስከረም 2017 ዓ.ም. የለሚ ብሔራዊ ሲሚንቶ ፋብሪካ በአካባቢው ተመርቆ ሥራ ጀምሯል፤ ከመንገዱ፣ ከእርሻውና ከፋብሪካው የሚነሣው አቧራ ምን ያህል ነው ብሎ ለሚጠይቅ ሰው መልስ የሚሰጠው በመሬት ላይ የተተከለ መለኪያ እንጂ ሳተላይት አይደለም።

አገራችንም የራሷን ዓይን ወደ ሰማይ ልካለች። ታኅሣሥ 10 ቀን 2012 ዓ.ም. ከቻይና አገር የመጀመሪያዋ የኢትዮጵያ የመሬት ምልከታ ሳተላይት ተወነጨፈች፤ ክብደቷ ወደ 70 ኪሎ ግራም ነበር፤ መቀበያ ጣቢያዋም በእንጦጦ ተራራ ላይ ተሠራ። በዓመቱም ሁለተኛዪቱ ተከተለቻት። ዕድሜያቸው አጭር እንዲሆን የታቀደ ቢሆንም የእንጦጦ ወጣቶች ሥዕል መቀበልንና መተርጐምን በእነርሱ ተምረዋል። የጎደለው፣ እንደ አሳባችን፣ ሥዕል አይደለም። ከሥዕሉ የተገኘው ቃል በወረዳው ጽሕፈት ቤት፣ በትምህርት ቤቱ ደጃፍና በጤና ጣቢያው በቀላል አማርኛ ተጽፎ አለመገኘቱ ነው። ነገ አቧራ ይደርሳል፤ አስም ያለበት ልጅ በቤት ይዋል የሚል አንድ መሥመር ለአንዲት እናት ከመቶ የቀለም ሥዕል ይበልጥባታል።

ያ ቃል እስኪደርስ ድረስ እመቤቶች በግርዶሽ ቀን ሊያደርጉት የሚቻለው ይህ ነው። ነፋሱ ከመበርታቱ በፊት መስኮት መዝጋት፤ ቤትን በደረቅ መጥረጊያ ከማቡነን ይልቅ ውሃ አርከፍክፎ ወይም በእርጥብ ጨርቅ መጥረግ፤ የውሃ እንስራና የሊጥ ቡሃቃ መክደን፤ ዓይን ቢቆረቁር በንጹሕ ውሃ ማጠብ እንጂ አለማሸት። ነጠላ በአፍንጫ ላይ ማድረግ ትልልቁን አቧራ ያስቀራል፤ ደቂቁን ጭስ ግን አያግድም። ጎጂው ጭስ ከ2.5 ሚክሮን ያነሰ፣ ማለት የጠጉርን ውፍረት ሠላሳኛ ያህል የማይሞላ ነውና በሸማ ቀዳዳ ውስጥ አልፎ እስከ ሳንባ ጥግ ይደርሳል። ትንፋሽ የሚያጥረው ወይም ከንፈሩ የሚጠቁር ሕፃን ሳይውል ሳያድር ወደ ሐኪም ይወሰድ።

ስለ ሩቁ ጭስ ይህን ያህል ስንጽፍ የቅርቡን ዘንግተን አይደለም። የዓለም ጤና ድርጅት እንደሚገምተው በ2012 ዓ.ም. ገደማ በአንድ ዓመት ውስጥ በቤት ውስጥ ጭስ ምክንያት 3.2 ሚሊዮን ሰው ሞቷል፤ ከእነዚህ ውስጥ ከ237 ሺሕ በላይ የሆኑት ዕድሜያቸው ከአምስት ዓመት በታች የሆኑ ሕፃናት ናቸው። በአገራችን የብዙው ቤት ምጣድ የሚሰማው በእንጨትና በኩበት ነው። ከጀማ ማዶ የሚመጣውን ጭስ የምታማርር እናት እንጀራ ስትጋግር ሕፃኑን በጀርባዋ አዝላ ከዚያ የባሰ ጭስ ውስጥ ልትቆም ትችላለች፤ ያን ጭስ የሚያነሣ ሳተላይት ገና አልተሠራም። ጣራው ላይ መውጫ ቀዳዳ ማበጀት፣ ጭሱን የሚያሳንስ ምድጃ ማስገባት፣ ልጁንም በመጋገሪያው ሰዓት ለሌላ ሰው ማስያዝ የባልም ኀላፊነት ነው፤ ቀዳዳውን የሚከፍት፣ ምድጃውንም የሚገዛ አብዛኛውን ጊዜ እርሱ ነውና።

ከሌሊቱ 8 ሰዓት ገደማ ለሚ ተኝታ ሳለች፣ ቪርስን የተሸከመችው ሳተላይት ከ800 ኪሎ ሜትር በላይ ከፍ ብላ በላይዋ ታልፋለች። ከአድማስ እስከ አድማስ የምትቆየው ጥቂት ደቂቃ ብቻ ነው። በጀማ ሸለቆ ውስጥ ሳይጠፋ ያደረ እሳት ቢኖር መዝግባው ወደ ሰሜን ወይም ወደ ደቡብ ትሻገራለች፤ ጎህ ሳይቀድም ነጥቡ በካርታው ላይ ይወጣል።